የአርበኛ ዘመን ሐኪም በልብ ወለድ፦ ቁስሉ ስንት ቀን ይፈጃል?

ጓሳ ሣር
ሰላም ለዚህ ቤት። የልብ ወለድ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ምክር እንጂ ምስጋና አልፈልግም። ታሪኩ ከመጋቢት 1928 እስከ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ይዘልቃል። ቦታው መንዝ፣ ተጉለት፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወለላ ትባላለች፤ ዲፕሎማ ያላት ነርስ ናት። ከሰሜን ግንባር ሽሽት በኋላ ከአርበኞች ጋር ትገባለች።

የሚያስጨንቁኝ ትዕይንቶች አምስት ናቸው። ከኮረም በመርዝ ጢስ ተቃጥሎ የመጣ ወታደር፤ ጎጆ ውስጥ በጥይት የተመታ ሰው ቀዶ ሕክምና፤ ወባ፤ መድኃኒት የሚያሾልክላት ጣሊያናዊ ሐኪም፤ መጨረሻው ጣሊያኖች አርበኞችን በመርዝ ጢስ የፈጁበት የዘረት ዋሻ። ታሪኩንም ሕክምናውንም የምታውቁ ምን ምን ተሳስቷል ትላላችሁ?

ሐኪም ቤት
ከዲፕሎማው እንጀምር፣ እሱን ይሰርዙት። በ1928 በአገሩ ነርስ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከነጻነት በኋላ በ1940ዎቹ ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ 1947፣ የአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ 1957 አካባቢ ነው። ወለላን ድሬሰር ያድርጓት። ቃሉም የዘመኑ ነው፣ ሙያውም። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፣ ማደንዘዣ ኤተር ያንጠባጥባል፣ ሐኪሙ ሲቆርጥ ቆሞ ያያል። ያየችውን ታውቃለች፤ ያላየችውን ግን ትገምታለች። ለልብ ወለድ ከዲፕሎማ ይልቅ ይህ አይሻልም?

አሁን መርዝ ጢሱ። በረቂቁ ወታደሩ አውሮፕላኑ እንዳለፈ አንገቱን ይዞ ይወድቃል። ይፕሪት፣ ማለትም የሰናፍጭ ጋዝ፣ እንዲህ አይገድልም። ቆዳ ላይ ሲያርፍ አያምም፤ ትልቁ ተንኮሉም ይኸው ነው። ሰውየው ሽታውን፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሰናፍጭ የመሰለውን፣ ያሸትትና መንገዱን ይቀጥላል። ዓይኑ መቆጥቆጥ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ቆዳው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀላል። ውሃ የቋጠረው እባጭ በማግስቱ ይወጣል። በጣም የሚጎዳው ላብ ያለበት ቦታ ነው፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጉልበት እጥፋት። ባዶ እግሩን መርዙ በተረጨበት ሣር ላይ የሄደ ሰው ደግሞ እግሩ ይላጣል።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ ገጸ ባሕርያት ለዘላለም ይታወራሉ። ዓይን ለቀናት ያብጣል፣ ሰው በእጁ እየተመራ ይሄዳል፤ አብዛኛው ግን በሳምንታት ውስጥ ያያል። ሁለተኛው፣ የእባጩን ውሃ የነካች አስታማሚ እሷም ትቃጠላለች። የእባጩ ውሃ መርዝ የለውም፤ መርዙ ልብሱ ላይ ነው። ወለላ ልትቃጠል ከሆነ ጋቢውን አጣጥፋ ከራስጌው ስታስቀምጥ ትቃጠል።

ሞቱም ቀጠሮ አለው። ከሳምንት በኋላ፣ ቆዳው ሊሽር የጀመረ ሲመስል፣ ትኩሳት ይነሣና ሰውየው ያልቃል። መርዙ መቅኒን ስለሚመታ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ከዚያ ትንሹ ቁስል ያመረቅዛል። ወለላ ይህን አታውቅም። «እየዳነ ነበር እኮ» ብላ ትቅር።

የጥንት ወረቀት
የኮረሙ መነሻ ይሠራል። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ቡድን የሕክምና ሰፈር ኮረም አጠገብ በቦምብ የተደበደበው የካቲት 1928 ነው። ከዚያ በፊት ኅዳር ላይ ደሴ ተደብድባ ሆስፒታሉ ተመትቷል፣ በታኅሣሥ ደግሞ የስዊድን ቀይ መስቀል በመልካ ዲዳ። ስለዚህ ወለላ በድንኳን ላይ ያለውን የቀይ መስቀል ምልክት እንደ ጋሻ እንዳታየው፤ ከኮረም የመጣ ድሬሰር ምልክቱን አጥፎ መሸከምን ይመርጣል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ራሱ የተመሠረተው ሐምሌ 1927 ስለነበር ጦርነቱ ሲጀመር፣ መስከረም 22፣ 1928፣ ገና የሦስት ወር ጨቅላ ነበር።

የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22፣ አዲስ አበባ የተያዘችው ሚያዝያ 27። በሁለቱ መካከል 35 ቀን አለ። በረቂቁ ወለላ ከማይጨው ተነሥታ በአንድ ሳምንት መንዝ ትደርሳለች፤ ቁስለኛ ይዛ አይሆንም። ቁስለኛ በቃሬዛ ሲሸከሙ አራት ሰው ለአንድ፣ ተቀያሪ አራት ሲጨመር ስምንት ነው። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ሄደዋል።

ደብረ ሊባኖስን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። መነኮሳቱ የተረሸኑት ግንቦት 13፣ 1929 ሲሆን ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንገጫ ላይ በቀናት ልዩነት ተገድለዋል። ግራዚያኒ መጀመሪያ ለሮም የጻፈው 297 መነኮሳት ብሎ ነው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ከደብረ ብርሃን በእግር መንገድ ርቀት ላይ ያለች ድሬሰር ይህን ሳትሰማ ግንቦትን ልታሳልፍ አትችልም።

ቀይ እስክሪብቶ
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ወደ መጽሐፉ ከገባ አንባቢ የሚገዛው ልብ ወለድ ሳይሆን የመድኃኒት መመሪያ ይሆናል። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? ወረቀት ላይ ማፍሰስ ምን ያደርጋል።

ሐኪም ቤት
ቀይ እስክሪብቶ፣ እስማማለሁ፤ ግን ዝርዝሩ የሚጠቅመው ለመጻፍ ሳይሆን ለጊዜ አቆጣጠር ነው። እነዚህን ረቂቆች የሚያበላሻቸው የሐኪም ቃል ማነስ አይደለም፣ ጊዜ ነው። ቁስለኛው ማታ ይመታል፣ ጥይቱ ይወጣል፣ ጠዋት ቀና ብሎ ሾርባ ይጠጣል። ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ግን ከ3 እስከ 21 ቀን፣ በብዛት በ8ኛው ቀን ገደማ ነው የሚመጣው። ጡንቻ የሚያበሰብሰው ጋዝ ጋንግሪን ከ1 እስከ 3 ቀን። ጠብቆ የታሰረ ስብራት ከ3 እስከ 5 ቀን ጥቁር ያወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ሴራ ናቸው! ምዕራፍ የት እንደሚያልቅ ይነግሩዎታል።

ወደ ጎጆው ቀዶ ሕክምና ልግባ። «ጥይቱን አውጡት» የሚለውን ፊልም ያመጣው ነው። ጥይት ሲተኮስ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ ብረት ነው፤ አጥንት ውስጥ ወይም ጡንቻ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። የሚገድለው አብሮት የገባው ነው፦ የጋቢ ክር፣ የባና ጠጉር፣ አፈር፣ ፋንድያ። ድሬሰሯ የምትፈልገው ጥይት ሳይሆን ጨርቅ ይሁን።

መሣሪያውም ቁስሉን ይለያል። የጣሊያኑ ጠመንጃ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥይቱ ረጅምና አፉ ድቡልቡል፣ 10 ግራም ከፈሪ። ሥጋ ብቻ ካገኘ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ይወጣል። አሮጌው ጠመንጃ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ 25 ግራም እርሳስ ነው፤ አጥንት ሲያገኝ ይጠፈጠፋል፣ መውጫው የጡጫ ያህል ይሆናል። ባንዳው በውጅግራ ከተመታ እና አርበኛው በካርካኖ ከተመታ፣ ወለላ ማን እንደተኮሰ ቁስሉን አይታ ታውቃለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁስሉ በርዝመቱ ይከፈታል። የሞተ ጡንቻ በአራት ምልክት ይለያል፦ ጠቁሯል፣ ላሽቋል፣ ሲቆነጥጡት አይኮማተርም፣ ሲቆርጡት አይደማም። እሱ ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ቁስሉ አይሰፋም! ሁሉም ልብ ወለድ የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። በጨው ውሃ የረጠበ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሞላና 4 ወይም 5 ቀን ክፍት ይቆያል፤ ንጹሕ ከሆነ ያን ጊዜ ይሰፋል። ወዲያው የሰፋችው እንደሆነ በሁለተኛው ቀን እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ጣፋጭ የሚመስል ግም ሽታ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ መቁረጥ ነው።

የጨው ውሃው በሊትር 9 ግራም ነው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ። አሞሌ ከሆነ አፈር ስላለው ተፈልቶ በነጠላ ይጣራል።

ማፍላቱ ራሱ ችግር አለው። መንዝ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ 20 ደቂቃ የሚበቃው ቢስቱሪ (የቀዶ ሕክምና ምላጭ) እዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የማጠቢያ ሶዳ ካገኘች በሊትር 10 እስከ 20 ግራም ትጨምር፤ ይገድላልም፣ ብረቱንም ከዝገት ያድናል።

አንድ የመጨረሻ። በረቂቁ ምድጃው እየነደደ ኤተር ያንጠባጥባሉ። የኤተር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እየተሳበ ምድጃው ጋ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ጎጆው የለም። ሌላው ማደንዘዣ ክሎሮፎርም አይነድም፤ ነገር ግን ነበልባል ሲያገኘው ፎስጅን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፣ ጥቂት ከበዛ ደግሞ ልብ ያቆማል። እሳቱ ይጥፋ፣ በሩ ይከፈት፣ በቀን ብርሃን ይሥሩ። ብርዱም ትዕይንት ነው።

ባና ለባሽ
እቴ ጓሳ ሣር፣ ሐኪሙ ስለ ባና ጠጉር ያነሣት ነገር ደስ ትላለች። የመንዝ ሰው ባናና ዝተት ለብሶ ነው የሚዋጋው፤ የበግ ጠጉር ነው፣ በጉ የሚያድርበት ፍግ አይለየውም። ቴታነስም ፍግ ውስጥ ነው የሚኖረው። ይህን ማንም ሳይናገር አንባቢው እንዲያየው ባናውን ቀደም ብለሽ ከበረቱ አስነሺው።

ወጌሻውን ግን አላዋቂ አድርገሽ ሥለሻል። ደግ ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ከድሬሰር ይልቅ ይመልሳል። ስብራቱን በቅቤ ያሸና ዙሪያውን በተሰነጠቀ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ያስራል። የሚበላሸው ማሰሪያው ላይ ነው። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ማታ ልክ የነበረው እስር ጠዋት ማነቂያ ይሆናል። ወለላ ማየት ያለባት የእግር ጣቶቹን ነው፦ ቀዝቅዘዋል? ነጥተዋል? ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ይጮኻል? ከጮኸ እስሩ ዛሬውኑ ይፈታ። በዚህ ላይ ወጌሻና ድሬሰር ቢጣሉ ጥሩ ጠብ ይወጣል፣ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸውና።

ኮሶም ረስተሻል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሠራዊት ያለ ኮሶ አይኖርም፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። ቀይቷ፣ ሴቴዋ አበባ ደርቃ ትወቀጣለች፣ 15 ግራም ያህል በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጣ በባዶ ሆድ በማለዳ። ዛፉ የደጋ ነው፣ ቆላ አይገኝም፤ ወደ ሮቢት የሚወርድ ዱቄቱን ቋጥሮ ይወርዳል። የጠጣ ሰው ያን ቀን ለምንም አይሆንም፣ ሜዳ ለሜዳ ነው የሚውለው። ባንዳው የኮሶውን ቀን ቢያውቅስ? ለእርጉዝ ሴት ደግሞ እንዳታስጠጪ፣ ያስወርዳል።

እንዶድን ለዓይን ማጠቢያ ያደረግሽውን አውጪው። ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ይለበልባል። በይፕሪት ያበጠ ዓይን ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚሻው።

ቆላ ወራጅ
ወባው ላይ። በረቂቁ ሰውየው ሮቢት አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ይንቀጠቀጣል። ከንክሻ እስከ ትኩሳት ቢያንስ 7፣ ብዙ ጊዜ 10 እስከ 14 ቀን አለ። ስለዚህ የሚታመመው ቆላ ላይ ሳይሆን ወደ መንዝ ከተመለሰ በኋላ፣ ወባ በሌለበት ደጋ፣ ሰው ሁሉ «ብርድ መትቶት ነው» ሲል ነው።

መድኃኒቱ ኪኒን ነው፤ ዛሬ ለማንኛውም እንክብል የምንጠቀምበት ቃል የቀረው ከዚያ ነው። ክሎሮኪን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ ከረቂቁ ይውጣ። የዘመኑ መጠን ለአዋቂ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። ለአንድ ሰው 8 ግራም ገደማ ያዙ። ስለዚህ ጣሊያናዊው ሐኪም ያሾለካት ባለ 100 ግራም ጣሳ 12 ሰው ብቻ ያድናል። 50 ሰው ታሞ ከሆነ ማን ይቅር የሚለው የወለላ ምዕራፍ ነው። ግማሽ ግማሽ ካካፈለች ደግሞ ሁሉም ትኩሳታቸው ወርዶ እንደገና ያገረሽባቸዋል። የሚወስደው ሰው ጆሮው ይጮኻል፣ ይደነቁራል፤ ለዘብ ጥበቃ አይመደብ።

ደጋው የራሱ አለው፤ ተስቦ። ቅማል ያመጣዋል። ብዙ ሰው በአንድ ዋሻ፣ በአንድ ባና፣ በክረምት ሲያድር መጠበቅ ነው። ዲዲቲ ገና የለም፣ ልብስ ማፍላት ብቻ። የሚያገረሸው ትኩሳት ደግሞ ሳምንት ይዞ ይለቅና ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። በዘመኑ በኒዮሳልቫርሳን ይታከም ነበር፤ ደም ሥር ነው የሚወጋው፣ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ክንዱን ይበላዋል። ከተወጋ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ይመጣል፣ ሰው «ገደለችው» ይላል።

ጓሳ ሣር
ፔኒሲሊኑንም ላወጣ ነው እንግዲህ። በ1930 አስገብቼው ነበር።

ሐኪም ቤት
ያውጡት፤ ለጦር ሠራዊት በሰፊው የደረሰው በ1935 እና 36 ዓ.ም. ነው። ሰልፋ ከፈለጉ ፕሮንቶሲል አለ፣ በ1927 ይፋ የሆነ የጀርመን መድኃኒት። ከጣሊያን መጋዘን በ1930 ወጣ ቢሉ ያስኬዳል። ቀይ ቀለም ነው፣ ሽንት ያቀላል። ሕመምተኛው ደም ሸናሁ ብሎ ቢደነግጥ አይፍረዱበት።

የጥንት ወረቀት
ጣሊያናዊውን ሐኪም በተመለከተ። ወለላና እሱ እንዲፋቀሩ ካሰቡ ሕጉን ይወቁት። ከሚያዝያ 1929 ጀምሮ ከተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነበረበት። የሚቀጣው እሱ ነው፣ እሷ አይደለችም፤ ይህ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ኃይል ይገለብጣል። ልትከሰው ትችላለች። መድኃኒቱ ከፍቅር ይምጣ ወይስ ከፍርሃት፣ አንባቢው ይጠርጥር።

ሰው በዘመኑ «ዶቶሬ» ነበር የሚለው፤ ወታደሩን ሶላቶ፣ የአስካሪውን (በጣሊያን ጦር የተቀጠረውን አፍሪቃዊ ወታደር) አለቃ ሹምባሽ። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ካሳዩ ቀኑ በፋሽስት ዘመን በሮማ ቁጥር ይታተማል፤ ዓመቱ የሚለወጠው በፈረንጅ ጥቅምት 28 ነው። የካቲት 12፣ 1929 በነሱ 15ኛው ዓመት ነው። ወለላ የሐሰት ማዘዣ ስትጽፍ እዚህ ላይ ብትሳሳት ትያዛለች።

አንድ የቃል ጉዳይም ልጨምር፤ የሽፋኑ ጽሑፍ «የቅኝ ግዛት ዘመን» ይላል። እዚህ አገር ሰው የሚለው «የወረራ ዘመን» ወይም «አምስቱ ዓመት» ነው። ጠብ ካልፈለጉ ይለውጡት።

ጓሳ ሣር
ሽፋኑን እለውጣለሁ። ዘረት ግን? ያ ምዕራፍ አልወጣልኝም። አሁን ያለው ጢሱ ገብቶ ሁሉም በደቂቃ ሲሞት ነው።

የጥንት ወረቀት
ጌራ ምድር፣ ሚያዝያ 1931፣ በጥቂት ቀናት ከበባ። የአርበኞች መሪ የአበበ አረጋይ ሠራዊት ስንቅ፣ ቁስለኛ፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። የአገሩ ሰው አመጸኛ ዋሻ ይለዋል። ጣሊያኖች ይፕሪትና አርሲን ተጠቅመዋል፤ እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ፤ ጥቂቶች ሌሊት ሰብረው ወጥተዋል። ነገሩ በሰፊው የታወቀው በ1998 ዓ.ም. አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ምሁር ሰነዱን አግኝቶ ዋሻው ድረስ ከመጣ ወዲህ ነው። የጣሊያን መንግሥት መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነውም በ1988 ነበር። ሰብረው ከወጡት መካከል ወለላን ለማድረግ ታሪኩ ይፈቅድልዎታል፤ አንድ የተወሰነ ስም ላለው ሰው ያልሠራውን ግን አይስጡት።

ሐኪም ቤት
የዋሻውን አካል ይጠቀሙበት። የይፕሪት ትነት ከአየር 5 እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ጥልቁ፣ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለል ላይ የተኙት ቁስለኞችና ሕፃናት ይቀድማሉ፤ ቆሞ ያለው ይቆያል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው፦ ንጹሕ ይፕሪት ከ14 ዲግሪ በታች ይረጋል። በመንዝ ሌሊት እንደ ቅባት ግድግዳው ላይ ይጋገርና ጠዋት ሲሞቅ ይተናል። አርሲን የሚሉት ወዲያው አፍንጫና ጉሮሮ ይይዛል፣ ያስነጥሳል፣ ያስመልሳል፤ ሰው ወደ አፋፍ የሚሮጠው ከእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሞት ሳይሆን በየራሳቸው ጊዜ የሚመጡ ሁለት አሉ፤ ፈጣኑ ያስወጣል፣ ዘገምተኛው ያቃጥላል።

ወለላ የኮረሙን ታስታውሳለች እኮ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ሽታውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማንም ሳያምመው፣ ዓይናቸው ገና ሳይቀላ፣ ልብሳችሁን ጣሉ ብላ ብትጮህ ሰው በዚያ ብርድ ይሰማታል?

ቀይ እስክሪብቶ
ይቺን ግን አልሰርዛትም።

ባና ለባሽ
ልብስ ጣሉ ስትል ባናውን መጀመሪያ ትበል። ጠጉሩ ዘይት ይይዛል። ደግሞ ውሃ ከሌላት አመድ ወይም ደረቅ አፈር ትነስንስበት፣ እርጥቡን ጠጥቶ ሲረግፍ ያነሣዋል፤ ማሸት ግን የለም፣ ይበልጥ ያሰርጸዋል።

ጓሳ ሣር
ምዕራፉን በልብሱ እጀምረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ከኮረም የመጣው ወታደር የለበሰው ባና በወለላ ጓዝ ውስጥ ታጥፎ ሦስት ዓመት ቢቆይ ያቃጥላል?

ሐኪም ቤት
አያቃጥልም። ከፀሐይና ከዝናብ ጋር ይለቃል፤ ታጥፎ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ሦስት ዓመት ግን አይሆንም። ሽታውን ፍለጋ ታሽትተው እንጂ አያቃጥላት።